መርፌና ክር በጦርነት ዘመን

በእንግሊዝ አገር ልብስ በኩፖን መሸጥ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው የተፈቀደው 66 ኩፖን ሲሆን፣ የወንድ ካፖርት 16፣ አንድ ጥንድ ካልሲ 3 ይፈጅ ነበር። ስለዚህም መንግሥት በ1943 አሮጌ ልብስ ስለ መጠገን የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ።

ካልሲ ሲጠገን ክሩ በቀዳዳው ላይ እንደ ድር በቁመት ይዘረጋል፤ ከዚያም መርፌው አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች እያለፈ ማጉን ያስገባል። በጥብቅ የተሳበ ክር ጨርቁን ያጨማድዳል።

ይህ ለድኻይቱ እናት አዲስ ትምህርት አልነበረም። ኩፖኑ ለሀብታምም ለድኻም እኩል ቢታደልም፣ ጥሩውም ተራውም ካፖርት እኩል ኩፖን ስለሚጠይቅ፣ ርካሹን የገዛ ሰው ቶሎ ወደ መርፌው ይመለስ ነበር። በ1942 ጥራታቸውና ዋጋቸው የተወሰነ ልብሶች መሠራታቸው ችግሩን በመጠኑ አቃለለው። ኩፖኑ የቀረው ግን በ1949 ነው።