«ጎኔን ወጋኝ» በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው እሸት ሲሆን ቆቦ የወባ ወቅቷ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአገራችን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአመዛኙ ወባማ ተብሎ ይታያል። በዚህ ሰሞን አንድ አዛውንት ገበሬ ከራያ ቆላ ወጥተው ምርመራ ክፍል ገቡ እንበል።

«ምንዎን ነው ያመመዎት፣ አባባ?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ማታ ማታ ያነደኛል፤ ጎኔንም ወጋኝ።»

ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የሚሰፍረው «ኮምፕሌይንስ ኦፍ» ብሎ ይጀምራል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ይከተላሉ። ከሕክምና እንግሊዝኛ ሐረጎች ሁሉ እጅ የለመደው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ከካርድ ውጭ አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ ባለቤቱም ታማሚው ራሱ። በአማርኛ ነገሩ ይገለበጣል። የ«አመመኝ» ባለቤት ማን እንደሆነ የማይነገር ሦስተኛ መደብ ነው፤ ሰውየው በ«ኝ» ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» የዚሁ ዘመዶች ናቸው። የራያ ትግርኛ ተናጋሪም «ርእሰይ ሓሚሙኒ» ሲል «ኒ» ያንኑ ሥራ ትሠራለች።

የባለቤቱን ጉዳይ ለሰዋስው ሊቃውንት ልተወው። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ግሡ ነው። ሕመም ሆድን ይቆርጣል፣ ጎንን ይወጋል፣ ራስን ይፈልጣል፣ ጉልበትን ይቆረጥማል። «ወጋኝ» ያለ ሰው ሲተነፍስ ወይም ሲያስል ይብስበት እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ነገሩ ከሳንባ ወይም ከሳንባ ሽፋን ሊሆን ይችላል። «ቆረጠኝ» ያለው መጣ ሄድ የሚል የአንጀት ሕመም ይዞት ይሆናል። ካርዱ ግን ሁሉንም በአንድ «ፔይን» ይጠቀልላቸዋል። «ንዳድ»ም፣ ከ«ነደደ» የወጣው የወባ የቀድሞ ስም፣ «ፊቨር» ብቻ ይሆናል።

«ሳፈርስ ፍሮም» የሚለው ሌላው ሐረግ ደግሞ ያልተባለ ሥቃይ ይጨምራል። «ስኳር አለበት» ስንል «በት» ሸክሙን ትናገራለች እንጂ ሰውየው እየተሠቃየ ነው አትልም። እ.ኤ.አ. በ1983 ዴንቨር ላይ የተሰበሰቡ የኤድስ ሕሙማን «ሰለባ» መባልን የተቃወሙት በዚህ ዓይነቱ ጭማሪ የተነሣ ነው፤ በእኛም «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ» ማለት ከተለመደ ቆይቷል።

የሚገርመው፣ ያው የእንግሊዝኛ የሕክምና ትምህርት የታማሚው ዋና ችግር በራሱ አንደበት ይጻፍ ይላል። አዛውንቱ በእንግሊዝኛ አልተናገሩም። ምርመራው በእንግሊዝኛ ይቀጥል፤ ከጎኑ ግን «ወጋኝ» በፊደል ቢሰፍር ከካርዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይወስድም፣ ማታ ተረኛ ሆኖ የሚገባውም ሐኪም የቱን ጎን፣ መቼ ብሎ ይጠይቅበታል።