ጀግና የሚባለው ማነው?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ጀግና ማነው ብለው ቢጠይቁህ ፈጥነህ የምትመልሰውን ዐውቀዋለሁ። ጋሻ ያነገተ፥ ጎራዴ የታጠቀ፥ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ የደፋ፥ ግዳይ ጥሎ የሚፎክር ሰው በዐይንህ ላይ ይመጣል። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርሁ። በሰርግ ቤት ሽማግሌዎች ተነሥተው ሲፎክሩ ጠጉሬ ይቆም ነበር። የገደሉትን ሲቈጥሩ ሰምቻለሁ፤ ያዳኑትን ሲቈጥሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። ይህ ለምን ሆነ ብዬም አልጠየቅሁም። ጥያቄው የመጣብኝ ዘግይቶ፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ስመላለስ ነው።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ደግሞ ያን ያህል ሲጨምርበት ውጫሌ ይገባል፤ ይህ እንግዲህ የአምባሰል አገር ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ስለ ጀግንነት የሚያሳስብ ነገር የተከማቸውን ያህል በሌላ ስፍራ መከማቸቱን እጠራጠራለሁ። ነገሥታት ልጆቻቸውን ያሰሩበት የግሸን ዐምባም እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ጊዜ የሚፈልግ ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

በመጀመሪያ የሐይቁን ሰው ልንገርህ። አባ ኢየሱስ ሞዓ የጋይንት ተወላጅ ናቸው። ወጣት ሳሉ ወደ ትግራይ ወርደው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተማሩ፤ መጽሐፍ መገልበጥንም እዚያው ለመዱ። በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው በእስጢፋኖስ ደሴት ተቀመጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከአርባ ዓመት በላይ በዚያ ኖሩ። ሥራቸው ምን ነበር? ማስተማርና መጻፍ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ መሆናቸውን ታውቅ ይሆናል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፥ የራሳቸው ሥዕል ያለበት፥ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከሰባት መቶ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ብራና ማለት ነው!

እስቲ አስበው። ብራና በራሱ አይመጣም። ቆዳው ይነከራል፥ ይወጠራል፥ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በኋላ ጸሓፊው ጐንበስ ብሎ ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ ወገቡ ይጐብጣል፥ ዐይኑ ይፈዛል። ማንም አያጨበጭብለትም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ጦር ይዘው የተዋጉት ብዙዎቹ ስማቸው ሲጠፋ የእርሱ ሥራ ቀረ።

በዚሁ ገዳም ስለ ተማሩት ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የሚተረክ አለ። በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው፥ ጓደኞቻቸው ሲቀድሟቸው እርሳቸው ወደ ኋላ ቀርተው፥ ስንዴ እየፈጩ ያገለግሉ ነበር ይባላል። እኒያ ወፍጮ ላይ የዋሉት ልጅ ኋላ መጽሐፈ ምሥጢርንና አርጋኖንን የደረሱት ሊቅ ሆኑ። ይህን ታሪክ የምወደው ስለ መጨረሻው አይደለም፤ ስለ መካከሉ ነው። ሁሉም ደንቆሮ ነው ብሎ የተወው ልጅ ነገ ሊቅ እሆናለሁ ብሎ የሚያውቅ አይደለም፤ ሳያውቅ ግን አልሸሸም። ትምህርት ቤት ከበድ ሲልብህ ደብተርህን የምትጥል አንተ፥ ይህን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አስበው።

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ። ያን ጊዜ ገዳሙ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር አገናኝቶታል። የገዳሙ ሀብትና ወርቅ ተወሰደ። ያ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ግን ተረፈ። አንድ መጽሐፍ እንዲያ ካለ መከራ ሲተርፍ ያተረፈው እጅ አለ፤ የዚያን እጅ ባለቤት ታሪክ አልመዘገበውም። ለእኔ ግን በዚያ ዘመን ከተጠሩት የጦር አበጋዞች አያንስም።

አሁን ወደ ውጫሌ እንውጣ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን፥ ምኒልክ በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ከኢጣልያ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ውል ተፈራረሙ። ውሉ ሃያ ክፍል ነበረው። ዐሥራ ሰባተኛው በአማርኛ ሲነበብ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ በጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ የተስማሙ፥ ማለት የታሰሩበት ሆኖ ተጽፏል። በአንዲት ቃል አንድ አገር ነጻነቷን የምታጣበት ወጥመድ ነበር። ኢጣልያም ወዲያው ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ያወቁት ስለ ዘውዳቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው መልሱ በመጣ ጊዜ ነው። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳይዎን በኢጣልያ በኩል ያድርጉ የሚል ነበር። እስቲ በእርሳቸው ስፍራ ሆነህ አስብ። የራስህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ተታለልሁ ማለትን አፍሮ ዝም ይላል፥ ወይ በንዴት ብድግ ብሎ ያልተሰናዳበት ጦርነት ውስጥ ይገባል። ምኒልክ ሁለቱንም አላደረጉም። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል አንድ አይደለም ብለው በግልጥ ጻፉ። አንቶኔሊ ተመልሶ ሲከራከር እቴጌ ጣይቱ ፊት ለፊት ተቃወሙት፤ ቃሉ እንዲሁ ይቆይ የሚለውን ፈጽመው አልተቀበሉም። ውሉ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ፈረሰ። ከይስማ ንጉሥ እስከ ዐድዋ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ የሚበዛው የደብዳቤና የትዕግሥት ጊዜ ነው። ተታልዬ ነበር ብሎ በዓለም ፊት መናገር ለንጉሥ ቀላል መስሎህ ከሆነ፥ አንተ ለጓደኛህ ተሳስቻለሁ ያልህበትን ቀን ቍጠር።

ነገር ግን ስለ ነገሥታቱ ብቻ ተናግሬ ብተወው ዋናውን ነገር አጠፋዋለሁ። ውሉ በተፈረመ ጊዜ አገሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ ብዙ ሰው አያነሣውም። ክፉ ቀን እያልን የምንጠራው ዘመን ነበር። የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የከብት በሽታ መጣ፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከዐሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ድርቁ፥ አንበጣውና ተምቹም ተጨመሩ። ረኀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ፤ በወሎም በሌላውም አገር ሕዝቡ በየመንገዱ ወደቀ። እስላሙን ከክርስቲያኑ፥ ጌታውን ከሎሌው አልለየም።

በዚያ ወራት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ፥ መኳንንቱም እንዲቈፍሩ እንዳዘዙ የታሪክ ጸሓፊያቸው መዝግቧል። ንጉሥ አፈር መቈፈሩ በዘመኑ ምን ያህል ነውር እንደ ነበር ታውቃለህን? የጦር መኰንን ሞቱን ይመርጥ ነበር። እኔ ምኒልክን በዐድዋ ከማደንቃቸው ይልቅ በዚያች ዶማ አደንቃቸዋለሁ፤ በዚህ የማይስማማኝ ሰው ብዙ እንደሚሆን ዐውቃለሁ።

ከንጉሡም ይልቅ ያ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ይበልጥብኛል። ሁለቱ በሬዎቹ ሞተዋል፤ ከልጆቹ ምናልባት ግማሹ ተቀብረዋል፤ በጐተራው የቀረው ለዘር የሚሆን ጥቂት እህል ነው። ቢበላው ለጥቂት ቀን ይጠግባል፤ ቢዘራው የሚያጭደው እርሱ ይሁን ሌላ ሰው አያውቅም። እርሱ ግን በዶማ ቈፍሮ ዘራው። ይህን ያደረጉ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ በ1885 ዓ.ም. የሚታጨድ አዝመራ ባልኖረ፥ አንተና እኔም ባልተወለድን ነበር። በየትኛው ሰርግ ቤት ነው እንግዲህ፥ የዘር እህሌን አልበላሁም ብሎ የሚፎክር ሰው የሰማኸው?

የዐድዋ ጦርም የተሠራው ከእነዚሁ ሰዎች መሆኑን አትርሳ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ተነገረ፤ የጦሩ መሰብሰቢያም በወሎ ወረ ኢሉ ሆነ። ያ ሕዝብ ከረኀብ የወጣ ገና አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እንደ ገና ስንቁን ቋጠረ፤ ሴቶቹ ድርቆሽ አዘጋጁ፥ ማሰሮና ወፍጮ ተሸክመው ተከተሉ። ፊታውራሪ ገበየሁ በኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ገብተው ድል ቢያደርጉም ትእዛዝ በመተላለፋቸው ወቀሳ አገኛቸው፤ የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ሲዋጉ ወደቁ። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞችም በዚያው ቀን የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር አሳድደው ፈጁት። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምረኸዋል፤ ስለዚህ አላስረዝመውም። የገበየሁን ድፍረት አላቃልልም፤ እርሳቸውም የሞቱት ያ ገበሬ የዘራው እንዲታጨድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ1965 ዓ.ም. በዚሁ በደሴና በወልድያ መካከል ባለው መንገድ የተራበ ሕዝብ ዳግመኛ ፈሰሰ። ከቀዬው ተነሥቶ ወደ አውራው መንገድ የወጣው፥ መኪና የሚያልፍበት ስፍራ ሰው ሳያየኝ አይቀርም ብሎ ነው። መኪናው ግን ያልፍ ነበር፤ መንግሥቱም ነገሩ እንዳይሰማ ዝም አለ፤ ረኀብ አለ ብሎ መናገር እንደ ድፍረት ይቈጠር ነበር። በዚያ ጊዜ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የወጡ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንሥተው በመምህራንና በተማሪዎች ፊት አሳዩ። ጠመንጃ አልነበራቸውም። የያዙት ያዩትን አላየንም አለማለትን ብቻ ነው፤ ለዚህም ሥራቸውንና ነጻነታቸውን ለአደጋ አጋለጡ። በዚያው ዓመት በበጋ መንገዱን በመኪና ያለፉ ሌሎች ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም አይተዋል፤ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በልተዋል።

በቅርቡ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሐይቅ ላይ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ። አንድ ተማሪ የታሪክ መጽሐፍ ይዞ ከጎኔ ተቀምጦ ነበርና ምን ታነባለህ ብለው ስለ ዐድዋ አለኝ። ከዚህ ውጫሌ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ይስማ ንጉሥንስ አይተኸዋል? ብለው፥ ሳቅ ብሎ፥ «አባባ፥ አያቴ እዚያው ናቸው የሚያርሱ፤ እኔ ግን መሬቱን ነው የማውቀው፥ ውሉን አላውቅም» አለኝ። ስለ ውሉ የማውቀውን ነገርሁት። እርሱም በተራው አያቱ በስድሳ አምስቱ ረኀብ የዘሩን እህል በምን በምን እንደ ደበቁት ይነግረኝ ጀመር፤ መኪናው ጡሩንባ ነፍቶ እስኪጠራኝ ድረስ አልጨረሰልኝም።