የመስክ መኪናን ጎማ በትልቅ ስለ መለወጥ

የመስክ መኪናን ጎማ በትልቅ መለወጥ ማለት ፋብሪካው ለተሽከርካሪው ከወሰነው ጎማ ይልቅ በቁመት ወይም በወርድ ወይም በሁለቱም የሚበልጥ ጎማ መግጠም ሲሆን፣ ሥራው በመልኩ ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ፣ ከሞተሩ ኃይል አንሥቶ እስከ ፍሬኑ ጽናት፣ ከመሪው ቅልጥፍና አንሥቶ እስከ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው እውነተኛነት ድረስ የመኪናውን አካላት ሁሉ ስለሚነካ፣ ከመካኒክነት ሙያ ክፍሎች አስተውሎትን አብዝተው ከሚሹት አንዱ ነው። በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ለመልክና ለመዝናኛ ነው፤ በእኛ አገር ግን ነገሩ እውነተኛ ትርጉም የሚያገኘው አስፋልቱ ባለቀበት ሥራቸው በሚጀምር መኪናዎች፣ ይኸውም ወላድ በሚያመላልሱ አምቡላንሶች፣ በግብርናና በጤና ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም በርዳታ ድርጅቶች ላንድ ክሩዘሮች ዘንድ ነው።

ለዚህ ጉዳይ መልካም ምስክር የሚሆን አገር ወላይታ ነው። በዳሞት ጋሌ ወረዳ የምትገኘው የቦዲቲ ከተማ፣ ከሻሸመኔ ተነሥቶ በሐላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚያመራው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን የዳሞታን ተራራ ትመለከታለች፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ምድሩ እየዘቀጠ ወደ አባያ ሐይቅ የሚፈሰው የብላቴ ወንዝ ወዳለበት ቆላ ይወርዳል። የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በደጋውም በቆላውም በሠራበት ዘመን ባለሙያዎች ይመላለሱበት የነበረው ምድር ይኸው ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ በእንሰት ተክል መካከል ወደ ቀበሌዎች የሚገባው መንገድ ቀይ የሸክላ አፈር ሲሆን፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረበት ወራት፣ ይልቁንም በዘመነ ክረምት፣ ላይኛው ገጽ እንደ ረጠበ ሳሙና ይሟልጫል፤ ከሥሩ ያለው ግን ጽኑዕ ሆኖ ይቆያል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በአገሪቱ ብዙ ቀበሌዎች ከዋና መንገድ ጋር ቢገናኙም፣ ጠጠሩ በጎርፍ ታጥቦ ባለቀበት ስፍራ ሁሉ የከባድ መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ይጠልቃል፤ በሁለቱ ቦዮች መካከል የሚቀረውም ጉብታ የሚያልፈውን መኪና ሆድ ይጠብቃል።

በዚህ ጉብታ ላይ የሚያርፈው የመኪናው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ የተረዳ ሰው የትልቅ ጎማን ምስጢር ተረድቷል። ወጥ አክስል ባላቸው መኪናዎች፣ እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ባሉት፣ ለመሬት እጅግ የሚቀርበው የዲፈረንሻሉ ቤት ነው። ባሌስትራ በመጨመር ወይም ረዘም ያለ ሞላ በመግጠም መኪናውን ከፍ አደረግሁ የሚል ባለቤት ከፍ ያደረገው ሻንሲውንና አካሉን ብቻ ነው፤ ዲፈረንሻሉ በአክስሉ ላይ፣ አክስሉም በጎማው ማእከል ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ሞላው ቢረዝም ባይረዝም ከመሬት ያለው ርቀት አንዲት ጣት እንኳ አይጨምርም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት ሊያርቅ የሚችል የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን የሚሰጠው ትርፍ ከሚጠይቀው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ጎማ በቁመቱ ከጨመረው ውስጥ አክስሉን የሚያነሣው እኩሌታው ብቻ ነውና።

ይህን በቁጥር ማየት ይገባል። በጎማ ጎን ላይ 265/70R16 ተብሎ ሲጻፍ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ወርድ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑን ቁመት ከወርዱ መቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ስለዚህ የዚህ ጎማ ሙሉ ቁመት 777 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብዙ ሰው በምትኩ የሚመኘው 285/75R16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ልዩነታቸው 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፈረንሻሉም ከመሬት የሚርቀው ከ3 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። በቦዲቲ ቀበሌዎች መንገድ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ባላየ ሰው ዘንድ የተናቀ ልክ ነው፤ ጉብታው ላይ ተንጠልጥላ አራቱም ጎማዋ በባዶ የሚሽከረከር መኪና ያየ ግን አይንቀውም።

ነፋስ የተሞላ ጎማን ሮበርት ቶምሰን በ1845 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ ቢያስመዘግበውም፣ በጥቅም ላይ ያዋለው በ1888 እ.ኤ.አ. ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው፤ ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ በ1946 እ.ኤ.አ. ራዲያል ጎማን አስመዘገበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. ላንድ ሮቨር፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር መሠረት የሆነው መኪና ተሠሩ፤ በእኛ አቆጣጠር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በተቋቋመበት በ1943 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በሥራ መኪናዎች የጸናው የጎማ ልክ 7.50-16፣ በኋላም ራዲያሉ 7.50R16 ሲሆን፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወርዱ ጠባብ ነው። ይህን ጠባብና ረጅም ጎማ ወደ ኋላ የቀረ አድርጎ መገመት ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን በወላይታ ደጋ ከእርሱ የሚበልጥ እንደሌለ እገምታለሁ፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ሞተሩ። ጎማው በቁመት ሲጨምር መኪናው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይጨምራልና፣ ሞተሩ ያው ሥራ እየሠራ ከበፊቱ የከበደ ማርሽ እንደ ገባለት ሆኖ ይደክማል። ከላይ በተጠቀሱት ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 7 ያህል ስለ ሆነ፣ ምጣኔው 4.1 የነበረ ዲፈረንሻል እንደ 3.8 ይሆናል። በባሕር ዳርቻ አገር ይህ የሚታገሥ ነው፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ እንደ ላንድ ክሩዘሩ 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ተርቦ የሌለው መኪና ገና ጎማው ሳይለወጥ ከኃይሉ ጥቂት የማይባለውን አጥቷል። በዚህ ላይ ረጅም ጎማ ሲታከልበት፣ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ይወጣል፤ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፤ ናፍጣውም ይበዛል። ፍጹሙ መድኃኒት የዲፈረንሻሉን ኮሮናና ፒኞን በሌላ ምጣኔ መለወጥ ነው፤ ይህም በፊተኛውም በኋለኛውም አክስል እኩል መደረግ ስላለበት ወጪው ከጎማው ወጪ ሊበልጥ ይችላል።

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን አይናገርም፤ 80 ሲያሳይ መኪናው በእውነት 86 ገደማ ይሮጣል። ዘይት የሚለወጥበትን ጊዜ በዚህ ቁጥር የሚቈጥር ሹፌር ሁልጊዜ ይዘገያል። ፍሬኑ ደግሞ የበለጠ ክብደትና የበለጠ ራዲየስ ያለውን ጎማ በዚያው ጉልበቱ ሊያቆም ይታገላል፤ ከዳሞታ ግርጌ ወደ ሶዶ በሚወርደው ቁልቁለት ሰውና እህል ጭኖ ለሚሄድ መኪና ይህ ተራ ነገር አይደለም። ኩሽኔታዎቹ፣ የመሪው መገጣጠሚያዎችና አሞርዛተሮቹ ሁሉ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ሳይጨርሱ እንዳይለቁ በየጊዜው መፈተሽ አለባቸው።

ስለ ወርድና ቁመት የሚነሣው ክርክር በዓለም ሁሉ አለ፤ መልሱ ግን በመሬቱ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥልቅ አሸዋ ከሥሩ ጽኑ ወለል የለውምና፣ ጎማው ላይ ላዩን እንዲንሳፈፍ ሰፊ መሆኑ ይጠቅማል። የቦዲቲ ጭቃ ግን ሌላ ነው፤ አጥልቆ ሲታይ ከመንገዱ ገጽ በታች ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ጽኑ መሬት አለ። ሰፊ ጎማ በዚህ ላይ ሲመጣ በሟለጨው ንብርብር ላይ ይንሸራተትና ወደ ቦዩ ይወድቃል፤ ጠባቡ ግን ያንን ንብርብር ቆርጦ ከሥር ያለውን ጽኑ መሬት ይይዛል፤ ረጅም መሆኑም የሚረግጠውን አሻራ በወርድ ሳይሆን በርዝመት ያሰፋዋል። ስለዚህ በደጋው ላይ ከ265/70R16 ወደ 285/75R16 ከመሄድ ይልቅ ቁመቱ 806 ሚሊ ሜትር ወደ ሆነው 235/85R16 ወይም ወደ 7.50R16 መሄድ፣ የከፍታውን እኩሌታ አስገኝቶ ከወጪው ብዙውን ያስቀራል። የጭቃ ጎማ የሚባለው ጥርሰ ትልቅ ጎማም ጭቃውን በጥርሶቹ መካከል ሳይዝ አራግፎ እንዲጥል ጥርሶቹ የተራራቁ መሆን አለባቸው፤ በአስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል።

ወደ ብላቴ ቆላ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ አፈሩ አሸዋማና ብናኝ፣ ዳሩም ግራር ነው፤ አሻራን ለማስፋት ነፋሱን ከጎማው ላይ መቀነስ ሰፊ ጎማ ከመግዛት የሚበልጥ ዘዴ ነው። በአስፋልት ላይ ከ2 ባር በላይ የነበረውን ነፋስ ወደ 1.2 ወይም 1.5 ባር ዝቅ አድርጎ በቀስታ የሚነዳ ሹፌር፣ ያለ ምንም ወጪ ትልቅ ጎማ ከሚሰጠው ጥቅም ብዙውን ያገኛል፤ ወደ አስፋልቱ ሲመለስ ግን ማስነፋት ግዴታው ነው፤ ያለበለዚያ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። እሾህ በጎኑ በኩል የገባ ጎማ አይጠገንምና፣ በቆላ የሚሠራ ሰው ጎኑ የጠነከረ፣ ብዙ ሽፋን ያለው ጎማ መምረጥ አለበት።

አዲሱ ጎማ ፓራፋንጎውን መንካት አለመንካቱ ሜዳ ላይ ቆሞ አይታወቅም። በትክክል የሚፈትን ባለሙያ የፊት ቀኙን ጎማ ጉብታ ላይ አውጥቶ፣ የፊት ግራውን ወደ ጉድጓድ አውርዶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ወገን ያዞራል፤ ከዚያ ጐንበስ ብሎ የጎማው ጥርስ ባሌስትራውን ወይም ሞላውን፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቱቦ፣ የፓራፋንጎውንም የኋላ ከንፈር ነክቶ እንደ ሆነ በእጁ ይዳስሳል። የፍሬን ቱቦ የነካ ጎማ ያለ ምንም ማመንታት ይወርዳል። ወጣ ያለ ቸርኬ በመግጠም ከውስጥ መነካካትን ማስቀረት ቢቻልም፣ ጎማው ከአክስሉ እየራቀ በሄደ መጠን ኩሽኔታው ይጐዳል፤ መሪውም በድንጋይ ላይ ከእጅ ይነጥቃል። መኪናውን በረጅም ሞላ ማንሣት ሌላው መንገድ ነው፤ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ግን የመኪናውን የክብደት ማእከል ከፍ አድርጎ በተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ያቀርበዋል፤ ለአምቡላንስማ ከቶ የሚመከር አይደለም።

የሥራው ፍጻሜ በጎሚስታው እጅ ነው። በቦዲቲም ሆነ በሶዶ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ፣ 7.50R16 ጎማ ይዞ ሲመጡበት፣ ካላማዳሪውን አስገብቶ፣ የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውኃ ቀብቶ፣ በማንሻ ብረት ወደ ቸርኬው ያስገባል፤ ከዚያም ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ የብረቱን ቀለበት በመዶሻ እየመታ በዙሪያው ያስቀምጠዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ደቂቃ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ በደንብ ያልተቀመጠ ቀለበት ነፋስ ሲሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላልና። ጥንቁቁ ጎሚስታ ሰንሰለት በጎማውና በቸርኬው መካከል አሳልፎ ያስራል፣ ወይም ቀለበቱን ወደ መሬት ገልብጦ ይሞላል፣ ፊቱንም ከላዩ ያርቃል። ይህን የማያደርግ ጎሚስታ ዘንድ የቆመ ባለ መኪና ዝም ማለት የለበትም።

አዲስ ጎማ ሲገዛ ቁመቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚሸከመው ክብደት ከመኪናው ጭነት እንዳያንስ፣ የተሠራበትም ዘመን እንዳያረጅ መመርመር ይገባል። በጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 1223 የተጻፈበት በ2023 እ.ኤ.አ. በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስለ መንግሥት ሕግ የሆነ እንደ ሆነ፣ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪናው በየዓመቱ ለቴክኒክ ምርመራ ይቀርባልና፣ ከፓራፋንጎ ውጪ የወጣ ጎማ ይዞ ቦሎ ለማደስ የሚሄድ ባለቤት ጥያቄ ቢገጥመው ሊደንቀው አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ለኋላው አክስል ብቻ ሁለት ትልልቅ ጎማ ገዝቶ የፊቶቹን እንደ ነበሩ መተው ነው። መሃከለኛ ዲፈረንሻል የሌለው መኪና ፎር ዊል ሲገባለት ሁለቱን አክስሎች እኩል በሆነ ዙር እንዲዞሩ ያስራቸዋል፤ የፊቱ ጎማ 777፣ የኋላው 834 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይጐትታል፤ በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይህን ጥል ያስታግሠዋል፤ ደረቅ መሬት ላይ ግን ካምቢዮው ይሰበራል ወይም አክስሉ ይቈረጣል። ስለዚህ አራቱም ጎማዎች በአንድ ቀን ይለወጣሉ፤ ቅያሪ ጎማውም አምስተኛ ሆኖ በዚያው ልክ ይገዛል፤ በመኪናው ጀርባ ወይም ሥር የሚንጠለጠልበት መያዣም የአዲሱን ጎማ ክብደት መቻሉና የበሩ መዝጊያ አለመነካቱ ይታያል። ጎማዎቹ ከታሰሩ በኋላ መኪናው ጥቂት እንደ ተጓዘ ቡሎኖቹ በሙሉ እንደገና ይጠብቃሉ።