የእንጦጦ ጅብ ገበታ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጥራጊ የሚያነሣላት ማዘጋጃ ቤት አልነበራትም። ጅብ ግን ሞልቷት ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲጣል የሚበላው ሕዝብ በሺህ ይቆጠራል፤ ለዚያ ሁሉ አፍ የሚታረደው ሰንጋ ብዙ አጥንትና ፈርስ ይተርፈዋል። ሲመሽ ከእንጦጦ ግርጌና ከጉለሌ ሸለቆዎች የሚወርደው መንጋ የተረፈውን ሲለቅም ያድራል። በዘመኑ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ከተማዋን የሚያጸዳት ጅብ መሆኑን ጽፈዋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን አካልም አለው። መንጋጋው የበሬ ጭን አጥንት ያደቃል፤ ጨጓራው የደቀቀውን ያሟሟል። ዐይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሣ ነው። ፀጉር ግን አይፈጭለትም፤ ተመራማሪዎች ምን እንደበላ የሚለዩትም ይህንኑ ፀጉር ለቅመው ነው።

ክፉ ጊዜ ሲመጣ ግን ገበታው ይለወጣል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ «ክፉ ቀን» በተባለው ዘመን፣ የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀ፤ ረኀብ ያደከመው ሰው ለአውሬ ተጋለጠ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ቀባሪ ጠፋ፤ በጥልቀት ያልተቀበረ አስከሬን የጅብ ሲሳይ ሆነ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው የሚታጠነው ያንን መቅሠፍት በማሰብ ነው።

በጊዜ ሂደት እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለበሰ፤ ጅቡም መሸሸጊያ አገኘ። ዛሬ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከሚያስጠልላቸው አራዊት አንዱ እሱ ነው።

የጅብ ኑሮ ከሰው ማዕድ ምን ያህል እንደተሳሰረ በትግራይ የተካሄደና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በግልጽ ያሳያል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ለጅቡ የሚተርፈው አጥንትና አንጀት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ወደ አህያ ይዞራል። በዐይነ ምድሩ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ መልሶ ቀነሰ።

ስለዚህ በጉለሌ መንደሮች ጅብ በዛ የሚል ሰው አስቀድሞ ሸለቆውን ይመልከት። የበዓል ማግስት አጥንትና ቆዳ ወደ ሸለቆ መወርወሩ፣ የሞተ አህያን ሜዳ ላይ መተዉ ይቁም። ጅብ የሚወርደው የሚበላው ስላለ ነው፤ የዕርድ ተረፈ ምርት በወቅቱ ከተነሣና ጫካው ከተጠበቀለት፣ ከሰው ጋር የሚያጋጨው ምክንያት በእጅጉ ይቀንሳል።