የፖሊስ ኮከቦችና የከተማ ታሪክ፦ ሦስት የወንጀል ቪዲዮ ጨዋታዎች ሲነጻጸሩ



ርእሴ ለአንድ የታሪክ መምህር እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ስለ 1992ቱ የሎስ አንጀለስ ሁከት መጽሐፍ ያነበበው ጥቂት፣ «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ»ን ጌም ቤት ገብቶ የተጫወተው ግን ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ትውልዱ ያለፈውን ዘመን በዚህ በኩል የሚያገኘው ከሆነ፣ መንገዱን መመርመር የእኛ ሥራ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከዚህ ጨዋታ ጎን «ኤል.ኤ. ኗር»ንና «ማፊያ 3»ን አቆማለሁ። በሦስቱም ተጫዋቹ ያለፈ ዘመን በተላበሰ ሰፊ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ይዘዋወራል። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ሕንጻዎቹ ውበት አይደለም። ፖሊስ የሚመጣው መቼ ነው? ለማንስ ይፈጥናል? ጨዋታ ታሪክን የሚናገረው ከተረኩ ይልቅ ተጫዋቹን በሚገዛው ሕግ ነው ብዬ አምናለሁና።

በ2011 የወጣው «ኤል.ኤ. ኗር» በሕንጻ ረገድ አቻ የለውም። አዘጋጆቹ የ1947ን ሎስ አንጀለስ የገነቡት የዘመኑን የአየር ላይ ፎቶግራፎች እየተመለከቱ ነው። እርግጥ ነው፣ ለ1916ቱ «ኢንቶለራንስ» ፊልም የተሠራው ግዙፍ ግንብ ከፈረሰ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም በጨዋታው ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ይህን ግን ይቅር እላለሁ። ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ሌላ ነው። ተጫዋቹ መርማሪ ፖሊስ ሲሆን፣ በአላፊ አግዳሚው ላይ እንደ ፈለገ ሽጉጥ መምዘዝ አይችልም። የፖሊስ ሙስና በተረኩ ይወገዛል፤ በተጫዋቹ እጅ ግን አይፈጸምም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሕጉ ራሱ ይናገራል፦ በግድያ ምርመራው ክፍል ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ የሚያስከስሰው ንጹሕ ሰው ነው።

«ሳን አንድሪያስ» የወጣው በ2004 ነው። ካርል ጆንሰን እናቱ ተገድላ ወደ ሎስ ሳንቶስ ሲመለስ ገና ሰፈሩ ሳይደርስ ቴንፔኒ የተባለ ፖሊስ ያስቆመዋል፤ ገንዘቡን ይቀማዋል፤ ባልሠራው ግድያም ያስፈራራዋል። በመጨረሻ ቴንፔኒ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ሲለቀቅ ከተማው ይነድዳል። ምንጩ ግልጽ ነው፦ ሮድኒ ኪንግን የደበደቡትን አራት ፖሊሶች የዳኞች ጉባኤ በሚያዝያ 29 ቀን 1992 ጥፋተኛ ሳይላቸው በመቅረቱ ሎስ አንጀለስ ለቀናት ተቃጥላ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ታዲያ ጨዋታው ይህን ምን አደረገው? ቴንፔኒ ይሞታል፣ ሁከቱም ያቆማል። የአሥርት ዓመታት በደል በአንድ ክፉ ሰው ተጠቃልሎ አብሮት ይቀበራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የተፈላጊነት ኮከቦቹ እንደ ቀድሞው ናቸው፤ የሀብታሙንና የድሃውን ሰፈር አይለዩም። ተረኩ ስለ አድልዎ ይናገራል፤ ሕጉ ግን አድልዎን አያውቅም።

በ2016 የወጣው «ማፊያ 3» በጨዋታነቱ ከሁለቱ ያንሳል፤ ተደጋጋሚ ተልእኮዎቹ አሰልችተውኛል። ነገር ግን ኒው ኦርሊንስን በመሰለችው ከተማው፣ በ1968፣ ጥቁሩ የቬትናም ዘማች ሊንከን ክሌይ ለነጮች ብቻ ወደ ተባለ ሱቅ ቢገባ ምንም ሳያጠፋ ፖሊስ ይጠራበታል። ወንጀል ቢፈጽም ደግሞ ፖሊስ ወደ ሀብታም ነጮች ሰፈር ይፈጥናል፤ ወደ ድሆች ጥቁሮች ሰፈር ይዘገያል። ይህ ከገጸ ባሕርያት አንደበት የሚሰማ ንግግር አይደለም፤ ተጫዋቹ ለማምለጥ ሲሮጥ በራሱ ላይ የሚያየው ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በእውነተኛው ታሪክ የፖሊስ መዘግየት የድሃው ሰፈር ነዋሪ መከራ ነበር፤ የተዘረፈችው እናት ደውላ ትጠብቃለች፣ የሚመጣ የለም። በጨዋታው ውስጥ ግን ያ መዘግየት ለተጫዋቹ መሸሻ ጊዜ ይሰጠዋል። እንዲያውም ይመቸዋል።