የአንዲት ስንዝር ክርክር፤ በሮማ ኦሊምፒክ ስለ ተደረገው የ100 ሜትር ዋና

የታሪክ ትምህርት ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘመንና የጦርነት ወሬ ነው። ለዚህ የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ግን እኛ የመረጥነው አንድ ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ታሪክ ነው። ይኸውም በ1952 ዓ. ም. ነሐሴ 21 ቀን፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 27 ቀን 1960፥ በሮማ ከተማ በኦሊምፒክ ጨዋታ ላይ የተደረገው የወንዶች የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የዋና ውድድር ነው። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ምስክሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ ፍርድ እንዴት ይሰጣል የሚለውን ትልቅ ጥያቄ በውስጡ ስለ ያዘ፥ ለተማሪ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል። በአገራችን አቆጣጠር ነው ብለን ካላመለከትን በቀር፥ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ነጻ ቀዘፋ የተባለበት ምክንያት ዋናተኛው የፈለገውን የአዋዋን ስልት እንዲመርጥ ስለሚፈቀድለት ነው። ሆኖም ከሁሉ የሚፈጥነው በደረት ተኝቶ፥ ክንድን እያፈራረቁ ወደ ፊት በመወርወርና በእግር ውሃውን በመምታት የሚደረገው ዋና ስለ ሆነ፥ ተወዳዳሪዎች ሁሉ የሚመርጡት ይህንኑ ነው። የኦሊምፒክ ገንዳ ርዝመቱ 50 ሜትር በመሆኑ፥ ዋናተኛው አንድ ጊዜ ደርሶ ይዞርና ተመልሶ በመምጣት የመነሻውን ግድግዳ በእጁ ሲነካ ውድድሩን ይፈጽማል። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ የተነሣው በዚህች በመጨረሻዋ የእጅ ንክኪ ነው።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ሁለቱ በተለይ መታወቅ ይገባቸዋል። አንደኛው የአውስትራልያው ጆን ዴቪት ነው። ዴቪት በዚያን ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ሲሆን፥ ከአራት ዓመት በፊት በ1956 በሜልበርን በተደረገው ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት የአገሩን ልጅ ጆን ሄንሪክስን ተከትሎ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ወደ ሮማ የመጣው ያመለጠውን ወርቅ ለመያዝ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካው ላንስ ላርሰን ሲሆን፥ እርሱም የ20 ዓመት ወጣት፥ በነጻ ቀዘፋም በቢራቢሮ ዋናም የታወቀ ብርቱ ዋናተኛ ነበር።

በፍጻሜው ውድድር ሁለቱ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አንገት ለአንገት ተያይዘው መጥተው፥ ግድግዳውን አከታትለው ነኩ። ወዲያው የሆነው ነገር ግን የሚያስገርም ነው። ዴቪት የተሸነፈ መስሎት ላርሰንን እንኳን ደስ ያለህ አለውና ከገንዳው ወጣ። ላርሰንም ያሸነፈ መስሎት በደስታ በገንዳው ውስጥ ቀረ። ከውሃው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰዎች በነገሩ ተስማምተው ነበር፤ ያልተስማሙት ከውሃው ውጭ የቆሙት ናቸው።

በዚያ ዘመን የዋና ውድድር እንዴት ይዳኝ እንደ ነበረ ካላወቅን የሆነውን ነገር ልንረዳው አንችልም። አንደኛ የወጣውን ብቻ የሚመለከቱ ሦስት ዳኞች ነበሩ። ሁለተኛ የወጣውን ብቻ የሚመለከቱ ሌሎች ሦስት ዳኞችም ነበሩ። ከነዚህ በቀር ለእያንዳንዱ ዋናተኛ ሦስት ሰዓት ያዦች ይመደቡለት ነበር። ደንቡም ማን እንደ ቀደመ የሚወስኑት በዐይን የሚያዩት ዳኞች ናቸው እንጂ ሰዓት ያዦቹ አይደሉም የሚል ነበር።

አሁን ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንጥራቸው። አንደኛውን ከሚመለከቱት ሦስት ዳኞች ሁለቱ ዴቪት ቀደመ፥ አንዱ ላርሰን ቀደመ አሉ። ሁለተኛውን ከሚመለከቱት ሦስት ዳኞች ደግሞ ሁለቱ ሁለተኛ የወጣው ዴቪት ነው፥ አንዱ ላርሰን ነው አሉ። እንግዲህ ስድስቱን በአንድነት ብንቆጥራቸው ሦስቱ ለዴቪት፥ ሦስቱ ለላርሰን መሰከሩ ማለት ነው። ወደ ሰዓት ያዦቹ ስንመለስ፥ የዴቪት ሦስት ሰዓቶች ሁሉም 55.2 ሴኮንድ አሳዩ። የላርሰን ሦስት ሰዓቶች ግን አንዱ 55.0፥ ሁለቱ 55.1 አሳዩ። ለመጠባበቂያ የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ መሣሪያም ለላርሰን 55.10፥ ለዴቪት 55.16 መዘገበ፤ ነገር ግን ይህ መሣሪያ በደንቡ ዘንድ ተቀባይነት አልነበረውም።

በዚህ ጊዜ ዋናው ዳኛ ሃንስ ሩንስትሮመር ቀዳሚው ዴቪት ነው ብሎ ወሰነ። ሁለተኛ የተባለ ሰው ከአንደኛው የፈጠነ ሰዓት ሊኖረው አይገባምና፥ የላርሰን ሰዓት ከ55.1 ወደ 55.2 ተለውጦ ተጻፈ። የብራዚሉ ማኑኤል ዶስ ሳንቶስ በ55.4 ሦስተኛ ሆነ። የአሜሪካ ወገን ዋናው ዳኛ በደንቡ መሠረት ድምፅ የመስጠት ሥልጣን የለውም ብሎ ይግባኝ አለ፤ ይግባኙ ግን አልተቀበሉትም። የወርቅ ሜዳልያው ለዴቪት ተሰጠ፤ እስከ ዛሬም በኦሊምፒክ መዝገብ ላይ አንደኛ ዴቪት፥ ሁለተኛ ላርሰን፥ ሁለቱም በ55.2 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

ለመሆኑ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ምን ያህል ነው? እኛ በሒሳብ አስበነዋል። መቶ ሜትር በ55.2 ሴኮንድ የሚዋኝ ሰው በአንድ ሴኮንድ 1.8 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ 18 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት አንድ ስንዝር የሚያህል ይሄዳል። የኤሌክትሪኩ መሣሪያ ያሳየውን የ0.06 ሴኮንድ ልዩነት ብንወስድ ደግሞ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውሃው በሚረጭበትና አረፋ በሚሸፍንበት ስፍራ፥ አንዱ ከውሃ በላይ ሌላው ከውሃ በታች እጁን ሊዘረጋ በሚችልበት ጊዜ፥ ከስንዝር ያነሰ ነገር በዐይን ለይቶ መመስከር እጅግ ከባድ ነው። ጥቂት ወደ ጎን ዞር ብሎ የቆመ ዳኛ እንደ ሆነማ፥ የራቀው የቀረበ፥ የቀረበውም የራቀ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ዳኞቹን አድልተዋል ብለን ለመክሰስ አንደፍርም። ደንቡም ቢሆን ያለ ምክንያት አልወጣም። በእጅ የሚያዝ ሰዓት የሚነሣውም የሚቆመውም በሰው ጣት ነው። ጣትም ዐይን ያየውን እስኪታዘዝ ድረስ ጥቂት ይዘገያል፤ የአንዱ ሰው ጣትም ከሌላው ይፈጥናል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዋናተኞችን በአንድነት የሚመለከት አንድ ዐይን፥ በልዩ ልዩ እጆች ከተያዙ ሰዓቶች ይልቅ ይታመናል ብለው የቀድሞዎቹ ሰዎች ማሰባቸው ሞኝነት አልነበረም።

ሆኖም የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የዐይን ምስክሮች ሦስት ለሦስት በተከፈሉ ጊዜ፥ የዐይን ምስክርነት እርስ በርሱ ተጣፋ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ መጠየቅ የሚገባው የቀረው ምስክር፥ ማለት ሰዓቱ ነበር። ስድስቱም ሰዓቶች በአንድ ቃል ላርሰንን አስቀድመዋል፤ ከላርሰን ሰዓቶች መካከል እጅግ የዘገየው እንኳ ከዴቪት ሰዓቶች ሁሉ የፈጠነ ነበርና። ነገር ግን ሰዓቱ ፍርዱን እንዲያርም በመጠየቅ ፈንታ፥ ፍርዱ ሰዓቱን አረመው። ዳኛ ሰው ስለ ሆነ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህም ይቅር የሚባል ነው። የምስክሩን ቃል ለፍርዱ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ግን በኋላ የሚመጣው ሰው እውነቱን የሚመረምርበትን መንገድ ይዘጋል። ደግነቱ የሰዓት ያዦቹ ቁጥሮች ሳይጠፉ ስለ ቆዩ፥ እኛም ዛሬ ልንመረምራቸው ቻልን።

በዚያው ኦሊምፒክ፥ ከዚህ ዋና በኋላ በዐሥራ አራተኛው ቀን፥ በአገራችን አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ መፈጸሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሁለተኛ ሆኖ የደረሰው ከ25 ሴኮንድ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ማን እንደ ቀደመ ለመናገር ዋና ዳኛ አላስፈለገም፤ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ዳኛ ነበር። ሁለቱን ውድድሮች አጠገብ ላጠገብ ስናኖራቸው የምንማረው ነገር አለ። ድል ሰፊ ሲሆን ማንኛውም ደንብ ይበቃል፤ የደንብ ጥሩነት የሚፈተነው ግን ልዩነቱ ስንዝር በሆነ ጊዜ ነው።

የሮማው ክርክር የላርሰንን ሜዳልያ ባይለውጥም የዋናን ዳኝነት ከለወጡት ነገሮች አንዱ ሆኗል። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ዋናተኛው ራሱ በእጁ ሲነካው ሰዓቱን የሚያቆም ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ዋነኛው ምስክር የዋናተኛው የራሱ እጅ ሆነ። ነገር ግን መሣሪያውም የራሱን ችግር አመጣ። በ1972 በሙኒክ በ400 ሜትር ድብልቅ ዋና የስዊድኑ ጉናር ላርሶን የአሜሪካውን ቲም ማኪን በሴኮንድ ሁለት ሺህኛ ብቻ ቀደመው ተባለ። ይህ ከአራት ሚሊ ሜትር ያነሰ ርቀት ነው። የገንዳ ግድግዳ ደግሞ በየመስመሩ እስከዚህ ድረስ ትክክል ሆኖ ሊሠራ አይቻልም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ከመቶኛ ሴኮንድ በታች እንዳይቆጠር ተወሰነ። በ2000 በሲድኒ በወንዶች የ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ጋሪ ሆል እና አንቶኒ ኤርቪን ሁለቱም 21.98 ባስመዘገቡ ጊዜ፥ ለሁለቱም የወርቅ ሜዳልያ ተሰጣቸው። እንግዲህ እጅግ የረቀቀው መሣሪያ እንኳ ከዚህ በላይ ለመለየት አልችልም ብሎ እንዲያቆም ሆነ፤ በእኛ አስተያየት ከፈጠራው ሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ይህ ነው።

ስለ ሁለቱ ሰዎች መጨረሻ ጥቂት እንበል። ላርሰን ቅሬታው ከጉልበቱ አላገደውም፤ በዚያው በሮማ በ4 ጊዜ 100 ሜትር የድብልቅ ዱላ ቅብብል የቢራቢሮውን ክፍል ዋኝቶ ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ አገኘ። ዴቪትም በዚህ ነገር ምንም በደል አልነበረበትም፤ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ ያልተሰጠውን አልወሰደም። ዴቪት በ2023፥ ላርሰን በ2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ታሪክ እውነቱ በሰዎች አእምሮ እያደር ጠርቷል፤ መዝገቡ ግን እንደ ተጻፈ ቀርቷል።

በትምህርት ቤት የሩጫ ውድድር ላይ ክር ይዘን የምንቆም፥ ነገ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየሸንጎውና በየክፍሉ የሰውን ድካም የምንመዝን እኛ ነን። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። ደንብን ጠብ ከመነሣቱ በፊት ማስተካከል፤ ምስክር በተለያየ ጊዜ የቀረውን ምስክር መጠየቅ፤ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ለማንም ደስታ ሲባል አለመፋቅ። ይህን የሚጠብቅ ተማሪ፥ ዳኛ ቢሆን ይታመናል፤ ቢሸነፍም አያፍርም።