ያልተነገረ ዘመቻ፦ የወታደር ቤተሰብ ትዝታ ከኮሪያ እስከ ካራማራ

በመልካ ጀብዱ ያደገ ወጣት ወታደር ማየት አዲስ ነገር አይሆንበትም። ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ የሚወስደው መንገድ በእኛ በኩል ነው፤ ምልምሎች በመኪና ተጭነው ሲያልፉ ልጆች እጃቸውን ያውለበልቡላቸዋል። በየሰፈሩም "ሻምበል"፣ "አሥር አለቃ" እየተባሉ የሚጠሩ አዛውንት አሉ። ነገር ግን ከእነዚህ አባቶች አንዱ የት ዘመቱ፣ በየትኛው ክፍለ ጦር ነበሩ፣ ምን አዩ ብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን መልስ የለንም። ማዕረጉን እናውቃለን፤ ታሪኩን አናውቅም። ብዙ ጊዜ የገዛ ልጆቻቸውም አያውቁትም።

ይህ ዝምታ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሰባ ዓመት ያህል መሄድ ያስፈልጋል።

በባቡር ወደ ኮሪያ

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡብ ኮሪያን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ጦር እንዲልኩ ጥሪ ሲያደርግ ኢትዮጵያ እሺ ካሉት አንዷ ሆነች። ምክንያቱን ለመረዳት 1928 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይገባል። በዚያ ዓመት አገራችን በፋሺስት ኢጣልያ ስትወረር ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ድረስ ሄደው የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ቢማጸኑም የሚረዳ አልተገኘም። ስለዚህ በሌላ ትንሽ አገር ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ኢትዮጵያ ዝም ማለት አልፈለገችም።

ከክብር ዘበኛ ተመርጦ የተቋቋመው ጦር "ቃኘው ሻለቃ" ተባለ። ስሙ ለእኛ ለምሥራቆቹ ቅርብ ነው፤ የሐረር ገዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም "አባ ቃኘው" ነበር። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሣ። ያን ጊዜ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ሐዲድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በድሬዳዋ ያልፋል። ብዙዎቹ ወታደሮች ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም። ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍረው ሦስት ሳምንት ገደማ ከተጓዙ በኋላ ፑሳን ወደብ ደረሱ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው በተራራማውና በብርዳማው የኮሪያ ግንባር ተዋጉ።

ሻለቃዎቹ እየተፈራረቁ በድምሩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ደርሰዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ወታደር በጠላት እጅ አልተማረከም። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ጦራችን ለተወሰኑ ዓመታት በዚያ ቆይቷል። ዶንግዱቾን በተባለ ከተማ ወታደሮቹ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቋቁመው ይረዱ ነበር። ጠመንጃ ይዞ የሄደ ሰው የሌላ አገር ልጅ ማሳደጉ ከውጊያው ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ሦስት ጊዜ የተዘጋ አፍ

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ለምን ዝም አሉ? መጀመሪያ ላይ ዝም አላሉም። በክብር ነበር የተቀበሏቸው፤ በአዲስ አበባም እስከ ዛሬ "ኮሪያ ሰፈር" የሚባል መንደር አለ።

የመጀመሪያው ዝምታ የመጣው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከሸፈ። ከኮሪያ የተመለሱት አብዛኞቹ የዚሁ ክፍል አባላት ስለነበሩ ጥርጣሬው ሁሉንም አገኛቸው። ከሙከራው ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸውም ሳይቀሩ "የክብር ዘበኛ ነበርኩ" ብሎ መናገር አስፈራቸው።

ሁለተኛው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መጣ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። በኮሚኒስቶች ላይ የተዋጋ ወታደር ትናንት ጀግና የተባለበት ነገር ዛሬ የሚያስወቅሰው ሆነ። ብዙዎች ሜዳሊያቸውንና ፎቶግራፋቸውን ደበቁ። አባት የደበቀውን ልጅ አይጠይቅም፤ ልጅ ያልጠየቀውንም የልጅ ልጅ አይሰማም።

ሦስተኛው ዝምታ በሌላ ትውልድ ላይ ወደቀ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ400,000 በላይ የሚሆን የቀድሞ ሠራዊት ተበተነ። ዕድሜውን በሰሜንና በምሥራቅ ግንባር ያሳለፈ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ደመወዝም፣ ማዕረግም፣ የሚያወራበት ጓደኛም አጣ። "የደርግ ወታደር" የሚለው መጠሪያ የግለሰቡን ታሪክ ሁሉ ሸፈነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የቀደመው ወታደር አፉን ዘጋ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጄኔራሎች ሲጽፉ የአሥር አለቃው ትዝታ በሣጥን ውስጥ፣ በልብስ ሥር ቀረ። ጠብቀው ያቆዩት ብዙ ጊዜ ሚስቶች ናቸው።

ጦርነቱ ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ

የኮሪያ ጦርነት ሩቅ ነበር። የ1969 ዓ.ም. ግን በራችን ድረስ መጣ። በሐምሌ ወር የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። የባቡር ሐዲዱ ድልድዮች አስቀድመው ተመትተው ስለነበር ድሬዳዋ ከጅቡቲ ጋር የሚያገናኛት መንገድ ተቋርጧል። ነሐሴ 11 ቀን ከተማይቱ በከባድ መሣሪያ ተጠቃች። ድሬዳዋ ግን አልተያዘችም። ጅጅጋ ግን በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። በመጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ካራማራን አልፎ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን አስለቀቀ።

ውጊያው አበቃ፤ የቤተሰብ ጥበቃ ግን አላበቃም። የኤፍ 5 አብራሪው ኮሎኔል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የፈረሙት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በቀይ መስቀል በኩል ምርኮኞች ተለዋወጡ፤ ከ200 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከ3,000 በላይ ሶማሊያውያንም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አሥራ አንድ ዓመት! ሲሄድ ያልተወለደ ልጅ ሲመለስ አምስተኛ ክፍል ደርሷል። ይህ በሁለቱም ወገን በብዙ ቤቶች የሆነ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ታሪክ ከባድ ይሆናል። በድሬዳዋ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው በአንድ ግቢ ይኖራል። የአንዱ አባት ካራማራ ላይ ሲዋጋ የሌላው አጎት በተቃራኒው ወገን ሊሆን ይችላል። ትዝታን መጠበቅ ማለት የራስን ወገን ድል ብቻ እያነሡ ጎረቤትን ማቁሰል ከሆነ ዝምታው ይሻላል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ምክንያት አለው።

በኢያሱ 22 ያለውን ታሪክ አስቡ። ከዮርዳኖስ ማዶ የቀሩት ነገዶች ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ሌሎቹ በዓመፅ ተርጉመውት ለጦርነት ተሰበሰቡ። ጦርነቱን ያስቀረው ፊንሐስና የነገዶቹ አለቆች ሄደው መጠየቃቸው ነው። ሲጠይቁ መሠዊያው ለልጆች ምስክር እንዲሆን የቆመ መታሰቢያ መሆኑን ሰሙ። መታሰቢያ ሳይጠየቅ ከቀረ ጠብ ሊያነሣ ይችላል፤ ሲጠየቅና ሲደመጥ ግን ወንድማማቾችን ያስታርቃል።

አፉ ሲከፈት

ዝምታ ለዘላለም እንዳልሆነ የኮሪያ ዘማቾች ታሪክ ያሳየናል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዘማቾቹ እንደገና በማኅበር ተሰባሰቡ። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያቸው ቆመ። በኮሪያም ቹንቾን በተባለ ከተማ የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ አዳራሽ አለ። የዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል አግኝተው አያቶቻቸው የተዋጉበትን አገር አይተዋል። በሴኡል የሚገኝ የሚዩንግሱንግ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ ሕዝቡ "ኮሪያ ሆስፒታል" የሚለውን ሆስፒታል አቋቁሟል፤ ለዘማቾችም ሕክምና ሰጥቷል። አንድ ምእመን ሕዝብ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ውለታ አስታውሶ መጣ ማለት ነው።

የኮሪያ ዘማቾች አሁን ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ የቀሩትም ጥቂት ናቸው። የካራማራ ዘመን ወጣት ወታደሮችም ወደ ሰባ ተጠግተዋል ወይም አልፈዋል። ስለዚህ ሥራው የእኛ ትውልድ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው።

የወጣት ኅብረታችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል? በአጥቢያችሁ ካሉት አባቶችና እናቶች ጀምሩ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። የክፍለ ጦሩን ስም፣ የዘመቱበትን ዓመት፣ የጓዶቻቸውን ስም ጻፉ። ፎቶግራፉን ፊቱንም ጀርባውንም አንሡ፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ የተጻፈው ከጀርባው ነው። ሜዳሊያውንና ወረቀቱን ግን ከቤት አታውጡ። "ስንት ሰው ገደልክ?" ብላችሁ አትጠይቁ። የሚያለቅሱ ከሆነ አታቋርጧቸው፤ መናገር ካልፈለጉም አታስገድዷቸው። ሚስቲቱን ለብቻዋ ጠይቁ፤ እርሷ ያሳለፈችው ጥበቃ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የሰማችሁትን ቀን ከታወቀው ታሪክ ጋር አስተያዩ። በመጨረሻም በሌላ ወገን የቆመው ጎረቤታችሁ ቤት ሂዱና በዚያው አክብሮት ጠይቁ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ፤ አንዱን በቤተ ክርስቲያናችሁ ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ። የመጀመሪያው አንባቢ የዘማቹ የልጅ ልጅ ይሁን።